ሴንት ሉሺያን በአንድ ቀን፦ ደሴቷን በአስጎብኚ ዞሮ ባሕሯ ዳር የመዋያ ዝርዝር መመሪያ

ሴንት ሉሺያ በካሪቢያን ባሕር ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ከማርቲኒክ በስተ ደቡብና ከሴንት ቪንሰንት በስተ ሰሜን የምትገኝ፣ ርዝመቷ 43 ኪሎ ሜትር፣ ወርዷ በሰፊው ቦታ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ተራራማ ደሴት ናት። በካርታ ላይ ሲያዩዋት ከቁርስ እስከ ምሳ ተዞራ የምታልቅ ትመስላለች፤ የብዙ ጎብኚዎችን ቀን የሚያበላሸውም ይኸው ግምት ነው። ዋና ከተማዋ ካስትሪስ ያለችው በሰሜን ምዕራብ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ ሊያያቸው የሚመጣው ሁለቱ ሾጣጣ ተራሮችና የድኝ ፍልውሃው ደግሞ በደቡብ ምዕራብ በሱፍሪየር ከተማ ዙሪያ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሸለቆ እየወረደና ጉብታ እየወጣ ስለሚጠማዘዝ፣ ርቀቱ ትንሽ ቢሆንም ሳይቆሙ ቢነዱ እንኳ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። የአባይን በረሃ በአውቶቡስ ያቋረጠ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ስለዚህ ጉብኝትንና የባሕር ዳር ዕረፍትን በአንድ ቀን ለማስማማት የሚያስፈልገው ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው፦ ሩቁን በጠዋት፣ የፍልውሃውን ጭቃ ከባሕሩ በፊት፣ ባሕሩን በመጨረሻ። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ይህን ቅደም ተከተል ከቦታ ማስያዝ ጀምሮ እስከ መመለሻው ሰዓት ድረስ ደረጃ በደረጃ ያብራራል።

አንደኛ፦ በእጅዎ ያለውን ሰዓት ይቁጠሩ

ወደ ደሴቷ የሚመጡ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ከማያሚ ወይም ከሌላ ወደብ በተነሣ የሽርሽር መርከብ መጥቶ ለጥቂት ሰዓታት ካስትሪስ ላይ የሚወርድ ነው፤ ሌላው በአውሮፕላን መጥቶ ሆቴል የሚያድር ነው። የመርከብ ተጓዥ ከሆኑ መርከቡ ወደብ ላይ የሚቆይበትን ሰዓት እንዳለ አይቁጠሩት፤ ለመውረጃ ሰልፍ ግማሽ ሰዓት፣ ለመመለሻ ጥንቃቄ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀንሱ። ተሳፋሪ ሁሉ መግባት ያለበት መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ነውና፣ መቁጠር ያለብዎት እስከ መሳፈሪያው የመጨረሻ ሰዓት እንጂ እስከ መነሻው አይደለም። ከዚህ ሁሉ ተቀንሶ ስድስት ሰዓት የሚተርፍዎት ከሆነ ሱፍሪየርን አይተው ለመዋኘት ይበቃዎታል። ከአምስት ሰዓት ካነሰ ግን ደቡቡን ትተው በሰሜን መቆየቱ ይሻላል፤ ተራሮቹን በቫን መስኮት አይቶ ባሕሩን ሳይነኩ መመለስ ያስቆጫል።

የሰዓት አቆጣጠር ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ደሴቷ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አለመለወጧ ነው፤ በበጋ ከማያሚና ከዋሽንግተን ጋር እኩል ስትሆን፣ እነርሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ በሚመልሱበት በክረምታቸው ወራት ግን በአንድ ሰዓት ትቀድማቸዋለች። አንዳንድ መርከቦች የራሳቸውን ሰዓት ይዘው ስለሚቆዩ፣ ከመውረድዎ በፊት «የመርከቡ ሰዓትና የደሴቷ ሰዓት እኩል ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው የእኛው ነው፦ በቲኬቱ ላይ 8 ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት መሆኑን ለቤተሰቡ ሽማግሌዎች አስቀድመው ያስረዱ። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምጠቀመው የሀገራችንን አቆጣጠር ነው።

የቀኑ ርዝመት ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ካስትሪስ ያለችው ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 14 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም ከአክሱም ጋር በአንድ መስመር ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ የምትወጣውም የምትጠልቀውም ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ዙሪያ ነው። እንደ አውሮፓ በጋ እስከ ምሽት 3 ሰዓት የሚቆይ ብርሃን የለም።

ሆቴል የሚያድሩ ከሆነ የበለጠ ነፃነት አለዎት። አብዛኛው ሆቴል በሰሜን በሮድኒ ቤይ አካባቢ ሲሆን፣ የረጅም ርቀት አውሮፕላኖች የሚያርፉበት የሄዋኖራ አየር ማረፊያ ግን በደቡብ ጫፍ በቪዩ ፎር ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ዘዴ አለ፦ በረራዎ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ ከሆነ፣ ሻንጣዎን ቫኑ ላይ ጭነው በምዕራቡ መንገድ በሱፍሪየር በኩል እየጎበኙ ወደ አየር ማረፊያው መውረድ ይችላሉ። አለበለዚያ ለዚያው መንገድ ሁለት ጊዜ ይከፍላሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ግን እርጥብ የዋና ልብስ የሚይዝበት ላስቲክና የሚቀይረው ልብስ ከሻንጣው ላይኛው ክፍል ማስቀመጥ አለበት።

ወቅትን በተመለከተ፣ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ዝናቡ ይቀንሳል፤ የማዕበል ወቅት የሚባለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። በደረቁ ወቅት ግን የሽርሽር መርከቦቹም ይበዛሉ። ሆቴል ያደሩ ሰዎች ወደብ ላይ ስንት መርከብ እንደሚቆም የሆቴሉን ሠራተኛ ጠይቀው መርከብ የሌለበትን ቀን ቢመርጡ፣ ፍልውሃው ላይ ከሚጠብቃቸው ግርግር ይድናሉ።

ሁለተኛ፦ መንገዱን ይምረጡ

ምርጫው ሦስት ነው። የመጀመሪያው ሄዶ መመለሱም በቫን የሚሆነው ጉዞ ሲሆን፣ ብዙ ቦታ ያሳያል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ያንኑ ጠመዝማዛ መንገድ ሁለቴ ያስኬዳል። ሁለተኛው በቫን ሄዶ በጀልባ መመለስ ነው፦ ጠዋት በየብስ መንደሮቹን፣ ፍልውሃውንና ፏፏቴውን አይተው፣ ከምሳ በኋላ ከሱፍሪየር ካታማራን (ጥንድ ቀፎ ያለው ጀልባ) ይሳፈሩና በምዕራቡ ዳርቻ ወደ ሰሜን ሲመለሱ በመንገድ ላይ እንደ አንስ ኮሾን ባለ ጸጥ ያለ ገብ ባሕር ቆመው ይዋኛሉ። ሦስተኛው በሰሜን ብቻ የሚቆይ አጭር ጉዞ ነው፦ ካስትሪስን፣ ከከተማዋ በላይ ያለውን የሞርን ፎርቹን ኮረብታ፣ የድሮ ምሽግ ያለበትን ፒጅን አይላንድንና የሬዱዊን የባሕር ዳርቻ ያካትታል።

አቅምና ጊዜ ካለ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ተራሮቹ ከባሕሩ ላይ ሆነው ሲያዩዋቸው ከየብሱ ይልቅ ግርማ ሞገስ አላቸው፤ የዋናውም ሰዓት በጉዞው ውስጥ ስለተካተተ አስጎብኚው ሲቸኩል የሚቆርጠው ነገር አይሆንም። ትንንሽ ልጆች ወይም ባሕር የሚያቅለሸልሻቸው ሰዎች ካሉ ግን የመጀመሪያው ይበልጣል። ከሕፃናትና ከአረጋውያን ጋር ለሚሄድ ደግሞ ሦስተኛው ምንም የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም።

ሦስተኛ፦ አስጎብኚውን ይያዙ፣ ሁሉንም አስቀድመው ይጠይቁ

ጉብኝቱን በመርከቡ በኩል፣ በሆቴሉ በኩል፣ ወይም በቀጥታ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር መያዝ ይቻላል። በመርከቡ በኩል የተያዘ ጉብኝት ብዙውን ጊዜ ይወደዳል፤ ለዚያ ልዩነት የሚያገኙት ጥቅም መንገድ ላይ ብትዘገዩ መርከቡ የራሱን ጉብኝት የሚጠብቅ መሆኑ ነው። በግል የያዘ ሰው ቢዘገይ ግን መርከቡ ጥሎት ይሄዳል። አምስትና ስድስት ሆነው ለሚሄዱ ቤተሰቦች ሙሉ ቫን ከነሾፌሩ መከራየት በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ይረክሳል፤ የትኛው ቦታ ምን ያህል መቆየት እንዳለባችሁ የምትወስኑትም እናንተ ትሆናላችሁ። በደሴቷ የታክሲ ሾፌሮች በአብዛኛው አስጎብኚም ናቸው። ታክሲዎቹ ቆጣሪ ስለሌላቸው ዋጋው ከመነሣትዎ በፊት ይቆረጣል።

ዋጋ ሲጠየቅ ሁለት ነገሮችን በግልጽ ያረጋግጡ። አንደኛ ዋጋው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለመኪናው? ሁለተኛ በየትኛው ዶላር ነው? ደሴቷ የምትጠቀመው የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.70 ተመን ተተክሎ ቆይቷል። «መቶ ዶላር» የሚለው ቃል ብቻውን ሁለት በጣም የተራራቁ ዋጋዎች ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የአሜሪካ ዶላር በብዙ ቦታ ይቀበላሉ፤ መልስ ግን በአካባቢው ገንዘብ ሊሰጥዎ ይችላል።

ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ይግቡ። የፍልውሃውና የፏፏቴው መግቢያ ዋጋው ውስጥ አለ? ምሳስ? መኪናው ማቀዝቀዣና ለልጅ የሚሆን መቀመጫ አለው? መርከቡ በአየር ጠባይ ምክንያት ወደቡን ቢያልፍ ገንዘቡ ይመለሳል? ከሁሉም በላይ ደግሞ የባሕር ዳርቻው የትኛው እንደሆነና ስንት ደቂቃ እንደሚቆዩበት በጽሑፍ ያስይዙ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። በአንድ ጉዞ «የባሕር ዳር ጊዜ» ተብሎ የተከፈለበት ሰዓት የእጅ ሥራ ሱቆች ደጃፍ ቆመን ስንጠብቅ አልቆ፣ አሸዋው ላይ የቆየነው ልብስ ለማውለቅና መልሶ ለመልበስ በሚበቃ ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሾፌሩን ስጨብጥ የመጀመሪያው ቃሌ «ሱቅ አንፈልግም፤ ባሕር ላይ አንድ ሰዓት ተኩል እንፈልጋለን» የሚል ሆኗል። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም።

የጉዞ ሰነድን በተመለከተ ሁሉም የያዘውን ፓስፖርት ይዞ ለየብቻው ማጣራት አለበት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት በአሜሪካ በኩል የሚያልፍ ሰው አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የአሜሪካ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በመርከብ የሚሄድ ደግሞ መርከቡ ለሚቆምባቸው ደሴቶች ሁሉ የየራሳቸውን ደንብ መጠየቅ ይኖርበታል።

አራተኛ፦ ቦርሳውን ያዘጋጁ

የዋና ልብሱን ከቤት ለብሰው ቢወጡ ይመረጣል። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀለም ይሁን፤ የፍልውሃው ጭቃ ነጭና ደማቅ ልብስ ላይ የሚተወው እድፍ አይለቅም። ፎጣ፣ በውሃ የሚገባበት ሰንደል፣ ኮፍያ፣ ኮራል የማይጎዳ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ውሃና ትንንሽ ዝርዝር ገንዘብ ይያዙ። መንገዱ የሚያዞርዎ ከሆነ የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ከመነሣትዎ አንድ ሰዓት ቀድመው ይዋጡ፤ መጠማዘዙ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ አይረዳም።

አንድ ነገር በተለይ ለእኛ ሰዎች ልጨምር። ድኝ ብርን ያጠቁራል። የአንገት መስቀልዎ ወይም ቀለበትዎ የብር ከሆነ ሆቴል ወይም መርከብ ላይ ያስቀምጡት፤ ፍልውሃው ውስጥ ይዘውት ከገቡ ከሰል መስሎ ይወጣል። ሹሩባ የተሠራችም ጭቃውን እስከ አንገት ብቻ ትቀባ፤ ከጉንጉን ውስጥ አሸዋማ ጭቃ ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የወታደር ልብስ የሚመስል ዥንጉርጉር ጨርቅ፣ ለሕፃን እንኳ ቢሆን፣ በሻንጣው ውስጥ አይኑር። በደሴቷ ሕግ ሲቪል ሰው ይህን መልበስ ክልክል ነው።

አምስተኛ፦ የጉዞው ቀን

ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መነሣት ከተቻለ እጅግ ጥሩ ነው። ከአስጎብኚው ጋር ሲገናኙ ወደ ጉዳዩ ከመግባትዎ በፊት ሰላምታ ይስጡ፤ እዚያም እንደ እኛው ሀገር ያለ ሰላምታ መናገር እንደ ድፍረት ይቆጠራል። የሥራ ቋንቋው እንግሊዝኛ ቢሆንም ሕዝቡ እርስ በርሱ የሚግባባው በአብዛኛው ከፈረንሳይኛ በወጣው ክዌዮል ነው፤ «ቦንጁ» (ሰላም) ብለው ጀምረው «ሜሲ» (አመሰግናለሁ) ብለው ቢጨርሱ የሰዉ ፊት ይፈታል። ደሴቷ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል 14 ጊዜ እጅ የተለዋወጠች መሆኗን ከአስጎብኚው ሁሉ ይሰማሉ። የቦታዎቹ ስም ፈረንሳይኛ፣ የመኪናው መሪ ደግሞ በቀኝ፣ መንገዱም በግራ የሆነው ለዚህ ነው። ነፃነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 22፣ 1979 ነው።

የመጀመሪያው ማቆሚያ ከካስትሪስ በላይ ያለው የሞርን ፎርቹን ኮረብታ ነው። ወደቡ፣ ከተማውና አየሩ ከጠራ በሩቅ ማርቲኒክ ይታያሉ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሾፌሩ የሰር አርተር ሉዊስ ኮሌጅን ሲያሳይዎ ግን ትንሽ ቢያዳምጡት መልካም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኘው አርተር ሉዊስ የተቀበረው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። ገጣሚው ዴሬክ ዋልኮት ደግሞ በ1992 በሥነ ጽሑፍ ተሸልሟል። ሁለቱም የተወለዱት፣ ዓመቱ ቢለያይም፣ በጃንዋሪ 23 ነው። ከሦስት መቶ ሺህ በታች ሕዝብ ላላት ደሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሕዝቡም ሲናገረው ደረቱን ነፍቶ ነው። አትሌቲክስ የሚወድ ሰው በቫኑ ውስጥ ካለ የጁሊየን አልፍሬድን ስም ያንሣ። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ የሴቶች 100 ሜትርን በ10.72 ሰከንድ አሸንፋ ለሀገሯ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያመጣች የካስትሪስ ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ወሬው እስከ ሱፍሪየር አያልቅም።

ከኮረብታው ወርደው በሙዝ እርሻ የተሞላውን የሮዞ ሸለቆ ያቋርጣሉ፤ ከመንገዱ በላይ ቆመው የማሪጎ ገብ ባሕርን ያያሉ፤ ከዚያ አንስ ላ ሬ እና ካናሪስ የተባሉትን የዓሣ አጥማጅ መንደሮች ያልፋሉ። በመንገዱ ዳር ካሳቫ ከተባለ ሥራ ሥር ዱቄት የሚጋገር ዳቦ የሚሸጡ ቤቶች አሉና ትኩሱን ቢቀምሱት ይመከራል፤ ኮኮናት የገባበት ይጣፍጣል። በመንደሮቹ ግን ረጅም ጊዜ አያጥፉ። የጠዋቱ ዋና ጉዳይ ደመናው ጫፋቸው ላይ ሳይከማች ፒቶን የሚባሉትን ሁለቱን ሾጣጣ ተራሮች ማየትና ብዙ ሰው ሳይመጣ ፍልውሃው መድረስ ነው።

መንገዱ ወደ ሱፍሪየር ሲወርድ ፔቲ ፒቶን ከከተማዋ ጀርባ ድንገት ብቅ ይላል። ግሮ ፒቶን ከእርሱ በስተ ደቡብ ነው። ሁለቱም ከባሕሩ ጠርዝ ተነሥተው ከ700 ሜትር በላይ የሚቆሙ የጥንት እሳተ ገሞራ ቅሪቶች ሲሆኑ፣ አካባቢያቸው እ.ኤ.አ. በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሀገሪቱ ባንዲራ መካከል ያሉት ሦስት ማዕዘኖችም እነርሱን የሚወክሉ ናቸው። ፎቶግራፉን እዚህ ያንሡ፤ ሾፌሩ የተሻለውን መቆሚያ ያውቃል። ግሮ ፒቶንን መውጣት የሚፈልግ ሰው ግን ለብቻው ቀን ይመድብ። መወጣጫው የሚጀምረው «የነፃ ሰዎች ሸለቆ» የሚል ትርጉም ካለው ፎን ዣን ሊብር መንደር ሲሆን፣ ከመንደሩ መሪ ጋር ወጥቶ መውረዱ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ያንን ካደረጉ በኋላ ለባሕር የሚተርፍ እግር አይኖርዎትም።

ከዚህ በኋላ ፍልውሃው ነው። ማስታወቂያው «መኪና የሚገባበት እሳተ ገሞራ» ይለዋል። የቀለጠ ዐለት ፍለጋ የሚሄድ ይከፋዋል፤ የሚያዩት ግራጫ ጭቃ እንደ ገንፎ ሲንተከተክ፣ እንፋሎት ከመሬት ሲወጣና ዐለቱ በድኝ ቢጫ ሆኖ ነው። ሽታው የበሰበሰ እንቁላል ነው፤ ዳሎልን ያየ ሰው ያስታውሰዋል፤ ለሌላው ግን አፍንጫ እስኪለምድ አምስት ደቂቃ ይጠይቃል። ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ1766 ሲሆን ያኔም የወጣው እንፋሎትና አመድ ነበር። በፊት ጎብኚዎች ጉድጓዶቹ አጠገብ ይራመዱ ነበር፤ አንድ መሪ ስስ የሆነው ቅርፊት ተደርምሶበት ከተቃጠለ ወዲህ ግን መመልከቻው ከሩቅ ካለው መድረክ ላይ ብቻ ሆኗል። አጥሩን ለፎቶግራፍ ብለው አይለፉ።

የመታጠቢያ ገንዳዎቹ ከጉድጓዶቹ ወረድ ብለው፣ ውሃው ቀዝቀዝ በሚልበት ቦታ ናቸው። ሥርዓቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሙቅ ውሃው ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ፤ ወጥተው ከባልዲው ጭቃውን ይቀቡ፤ ዓይንና አፍን ይጠብቁ፤ ፀሐይ ላይ ቆመው ጭቃው እስኪደርቅና ቆዳዎን እስኪጨመድድ ይጠብቁ፤ ከዚያ ተመልሰው ገብተው ይታጠቡ። ሙቀቱ እንደ ሶደሬና ወንዶ ገነት የለመድነው ዓይነት ስለሆነ ለእኛ አያስደነግጥም፤ ሆኖም ሽማግሌዎች ከአሥር ደቂቃ በላይ ባይቆዩ፣ የልብ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ባይገቡ ይሻላል። ውሃ ይጠጡ። ጭቃው ቆዳን ስለሚያድሰው ነገር አስጎብኚዎች ብዙ ይናገራሉ፤ እኔ የማረጋግጠው ግን እስከ ማግስቱ ድረስ ድኝ ድኝ መሽተቱን ነው።

ቀጥሎ ፏፏቴ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ምርጫ አለ። የቶራይ ፏፏቴ ቀዝቃዛ ነው፣ ሥሩ ገብተው ከጭቃው የቀረውን ማጠብ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከፍልውሃ ለሚወጣ ሰው እርሱ ይመረጣል። የዳይመንድ ፏፏቴ በአንጻሩ በዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ ያለ፣ ማዕድኑ ዐለቱን በየቀለሙ የቀባው፣ ለማየት እንጂ ሥሩ ለመዋኘት ያልተፈቀደ ነው። አጠገቡ ያሉት የመታጠቢያ ቤቶች የተጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1784 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 16ኛ ወታደሮች ነው። አትክልትና ታሪክ የሚወድ ሰው ወደዚህ ይሂድ፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ለማየት መሞከር ግን የባሕሩን ሰዓት ይበላል።

ምሳ በሱፍሪየር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቢሆን ይበቃል። የሀገሪቱ ዋነኛ ምግብ «ግሪን ፊግ» ከጨው ዓሣ ጋር ነው፤ ስሙ በለስ ቢመስልም ያልበሰለ ሙዝ ተቀቅሎ ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰውም አይቸገርም፦ ዳቦ የሚመስለው ብሬድፍሩት የተባለ ፍሬ፣ ቀይ ሙዝና ፕላንቴይን (ተቀቅሎ ወይም ተጠብሶ የሚበላ የሙዝ ዓይነት)፣ ስኳር ድንች፣ ምስርና ቅጠላ ቅጠል በየቤቱ አለ። በተለይ የራስተፈሪያን ተከታዮች የሚሠሩት «አይታል» የተባለው ምግብ ሥጋም ወተትም የሌለበት ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀባ ትንሽ ምግብ ቤት ካዩ ይግቡ፤ ከኢትዮጵያ መምጣትዎን ከተናገሩ ግን ለጥያቄ የሚሆን ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት ይያዙ። አክብሮታቸው ከልብ ነውና በችኮላ ጥሎ መውጣት ነውር ይሆናል።

ስድስተኛ፦ ባሕሩ

የባሕር ዳርቻዎቹ ሁሉ የሕዝብ ናቸው። ሆቴሎች ወንበርና ጥላ ሊያከራዩ ወይም በግቢያቸው ማለፍን ሊቆጣጠሩ ይችላሉ፤ አሸዋውን ግን የግላቸው ማድረግ አይችሉም። የትኛውን እንደሚመርጡ የሚወስነው ከምሳ በኋላ የት እንደሚገኙ ነው።

ከሱፍሪየር ሳይርቁ መዋኘት ለሚፈልግ፣ አንስ ሻስታኔ ጠቆር ያለ የእሳተ ገሞራ አሸዋ ያለው ሲሆን የኮራል ዐለቱ ከዳር ጥቂት ሜትሮች ብቻ ስለሚርቅ በውሃ መነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ዓሣ ለማየት ከደሴቷ ሁሉ እርሱ ይበልጣል። በሁለቱ ፒቶኖች መካከል ያለው ዳርቻ አሸዋው ነጭ ነው፤ ነጩ አሸዋ ግን ከውጭ የመጣ እንጂ የደሴቷ አይደለም። በሁለቱም ቦታ የባሕሩ ወለል ቶሎ ስለሚያዘቀዝቅ ሁለት እርምጃ ተራምደው ደረት የሚደርስ ውሃ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ብዙዎቻችን ደጋ አድገን ዋና በደንብ ያልተማርን ነንና ይህን መናገር ማሳፈር የለበትም፦ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይጠይቁ፣ ይልበሱ። ነፍስ አድን ሠራተኛ በየዳርቻው አይገኝም።

በቫን ወደ ሰሜን የሚመለስ ሰው ሁለት አማራጭ አለው። ሬዱዊ ረጅም፣ ወርቃማ አሸዋና የተረጋጋ ውሃ ያለው ለልጆችም ተስማሚ ዳርቻ ነው፤ ነገር ግን ከካስትሪስ አልፎ በስተ ሰሜን ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ መንገዱ በመኪና ይጨናነቃል። መርከብ የሚጠብቀው ሰው ይህን ዕጣ አይሞክር። ለእርሱ የሚሻለው ከመርከብ ማቆሚያው ከፖይንት ሴራፊን ብዙም የማይርቀው፣ ከትንሹ አየር ማረፊያ አጠገብ ያለው የቪጂ ዳርቻ ነው። ውበቱ ከሬዱዊ ያንሳል፤ መርከቡን ግን አያስመልጥም። በምሥራቁ በአትላንቲክ በኩል ያሉት ዳርቻዎች ሞገዳቸው ኃይለኛ ስለሆነ ለመዋኘት አይሞከሩም።

አሸዋው ላይ ጥላ ሲፈልጉ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚቀመጡ ይጠይቁ። ማንቺኒል የሚባለው ዛፍ ትንሽ አረንጓዴ ፖም የመሰለ ፍሬ አለው፤ ፍሬው መርዝ ነው፣ ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዝናብ ሲዘንብ ከሥሩ መጠለል እንኳ ያቆስላል። አንዳንዱ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ይታያል፤ ሁሉም ላይ ግን አይደለም። ልጆች ፍሬ እንዳያነሡ አስቀድመው ይንገሯቸው። ዐለታማ ቦታ ሲገቡ ሰንደሉን አያውልቁ፤ የባሕር ጃርት እሾህ ከእግር ለማውጣት አስቸጋሪ ነው። ኮራሉን አይርገጡ፤ ሕያው ነው፣ በሱፍሪየር ዙሪያም ባሕሩ በሕግ የተጠበቀ ነው። የእጅ ሥራ የሚሸጡ ሰዎች ሊቀርቡዎት ይችላሉ፤ ካልፈለጉ በፈገግታ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ማለት ይበቃል።

ሰባተኛ፦ መመለስ

የቫኑን ሾፌር «ስንት ሰዓት እንነሣ?» ብለው አይጠይቁት፤ እርስዎ ሰዓቱን ቆርጠው ይንገሩት። ከሱፍሪየር ወደ መርከብ የሚመለስ ሰው ከመሳፈሪያው የመጨረሻ ሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል ቀድሞ ደቡቡን ለቅቆ መውጣት አለበት፤ ዝናብ ከጣለ በኮረብታው መንገድ ላይ ጭቃና ድንጋይ ሊወርድ ይችላልና ግማሽ ሰዓት ይጨምሩበት። ከቪጂ ለሚነሣ አንድ ሰዓት በቂ ነው። በጀልባ የሚመለስ ሰው ጀልባው የሚያወርደው መርከቡ ያለበት ወደብ መሆኑን ጠዋቱን ያረጋግጥ፤ አንዳንዶቹ የሚያወርዱት ሮድኒ ቤይ ላይ ነው፣ ከዚያ ወደ ካስትሪስ ሌላ መኪና ያስፈልጋል።

ጨዋማውን ውሃ ሳይታጠቡ መኪና ውስጥ አይግቡ፤ የመታጠቢያ ቧንቧ ከሌለ ከጠዋቱ ጀምሮ ቫኑ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ ለሁለት ሰው ይበቃል። እርጥቡን ልብስ በላስቲክ አሥረው ፎጣውን መቀመጫው ላይ ያንጥፉ። ለሾፌሩ የሚሰጠው ጉርሻ ከጠቅላላው ዋጋ አሥር በመቶ ያህል ሲሆን፣ በትክክል ካገለገለ ከዚያ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ገንዘቡን መርከቡ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ውስጥ ሆነው ከመፈለግ አስቀድመው ለይተው ይያዙት፤ የመርከቡን መግቢያ ካርድና መታወቂያዎንም ከቦርሳው አውጥተው በእጅዎ ይዘው ከቫኑ ይውረዱ።